ባለ ሙሉ ኪቦርዱ

2002 ዓ.ም. ነው። እህቴ ከጅዳ በሰው እጅ ስልክ ላከችልኝ። ኖኪያ ኢ63፣ ቀይ። ከስክሪኑ ሥር የኮምፒውተር ኪቦርድ የሚያህል ቁልፍ ተደርድሮበታል።

ያኔ ደሴ ፒያሳ ካፌ የሚገባ ሰው መጀመሪያ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ነው ራሱን የሚያስቀምጠው። እኔም አስቀመጥኩ። አስተናጋጇ ማኪያቶዬን ይዛ መጣችና ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይሄ ካልኩሌተር ነው?»

ዋጋውን ብነግራት ማኪያቶውን ትመልሰው ነበር ብዬ ዝም አልኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሁሉ ቁልፍ ይዤ በቀን የምጫነው ሁለቱን ነበር። አረንጓዴውን ለመደወል፣ ቀዩን ሰውዬው ሳያነሳው ለመዝጋት። ሚስኮል ማለት ነው። አንዴ ከጠራ «ደርሻለሁ»፣ ሁለቴ ከጠራ «አንተ ደውል፣ ካርድ የለኝም»፣ ሦስቴ ከጠራ ጠብ አለ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ስልኬ የታወቀው በሌላ ሙያ ነው። ረጅሟን የክፍተት ቁልፍ ጫን አድርጎ ለያዘ ሰው ከጀርባው መብራት ይበራል። ደሴ መብራት ጠፍቶ፣ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ደጁን ሲሞላው እናቴ «ያቺን ኩራዝ አምጣት» ትለኛለች። ጓሮ ይዛት ትሄዳለች። እዚያው እያለች ስልኩ ከጠራ አንስታ ታወራለች። አለቆቼ ከየት ሆና እንዳወራቻቸው እስከ ዛሬ አያውቁም።

ግን ዋናው ነገር መልእክት ነው። የጽሑፍ መልእክት ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ተዘግቶ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው። ስለዚህ አገሩ ገና ጥማቱን አልተወጣም። በተራው ስልክ አንዲት «ኤስ» ለመጻፍ ሰባት ቁጥርን አራት ጊዜ መቀጥቀጥ ነበረብህ። «ሰላም» ብለህ እስክትጨርስ የተጣላኸው ሰው ታርቆህ ይሄዳል። እኔ ግን አንዴ ነካ ነው። ይህ እንደተሰማ የሰፈሩ ጸሐፊ ሆንኩ። የፍቅር፣ የብድር፣ የሠርግ ጥሪ፣ ሁሉም በእኔ አውራ ጣት አለፈ። ማን ለማን ምን እንደሚል ስለማውቅ ሰላምታው ሁሉ በአክብሮት ሆነልኝ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። «ሙሉ ኪቦርድ» የተባለው ሙሉነቱ ለፈረንጅ ነው፤ 26 ፊደል። የእኛ 33 በሰባት ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። ኢንጂነር አያና ብሩ ይህን ሁሉ ፊደል ታይፕራይተር ላይ ለማስቀመጥ ያን ያህል ደክመው፣ የእኔ ስልክ ዘንድ ሲደርስ አማርኛ አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ሆኖ ይታያል። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ነጥብ፣ ሳጥን።

ስለዚህ አማርኛን በፈረንጅ ፊደል እንጽፋለን። «ጠ» እና «ተ» ሁለቱም ቲ ውስጥ ይታጨቃሉ። «አባትሽ መጣ» ብለህ ትልካለህ፣ ልጅቷ «አባትሽ መታ» ብላ ታነባለች። «ቀ» እና «ከ» ደግሞ ኬ ላይ ተዳብለው ያድራሉ። ኪው የምትባል ቁልፍ እንዳለች አውቃለሁ። ከላይ በግራ፣ የመጀመሪያዋ ናት። ለ«ቀ» እሷን የሚጠቀሙ ጠንቃቆች ነበሩ። እኔ ግን አውራ ጣቴን እዚያ ጥግ ድረስ መላክ ይታክተኝ ነበር።

ግንቦት ላይ ኮምቦልቻ ያሉት አጎቴ ጡረታ ወጡ። የፋብሪካው አዳራሽ ሞላ። ጋቢ ተሸለሙ፣ የግድግዳ ሰዓት ተሸለሙ፣ አብረዋቸው የኖሩ ሠራተኞች እየተነሱ ስለ እሳቸው ተናገሩ። ተናጋሪው አለቀሰ፣ ሰሚው አለቀሰ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ሆኜ ስልኬን ድምፅ አጠፋሁና ደሴ ላሉት 14 ዘመዶች በአንድ ጊዜ ላክሁ፦

«ጋሼ ዛሬ ተከበሩ። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ማታ ቤት ኑ።»

በኬ።

ሰኞ ገበያ ያለችው አክስቴ ማንበብ አትችልም። የጎረቤት ልጅ አነበበላት። ልጁ ጎበዝ ተማሪ ነው፤ «አለቀሰ» የምትለዋን አይቶ ወደ ኋላ ተመለሰና ነገሩን አመዛዘነ።

«ጋሼ ዛሬ ተቀበሩ ይላል።»

በእኛ ቤት ግማሹ ሙስሊም፣ ግማሹ ክርስቲያን ነው፤ ወሎ ነዋ። ጋሼ በሙስሊሙ በኩል ናቸው፤ ቀብር አያድርም። ስለዚህ ማንም «እንዴት ሳንሰማ?» ብሎ አልጠረጠረም። የተባለው «እንዴት ሳይጠሩን!» ነው። ሚኒባስ በኮንትራት ተያዘ። ስኳርና ቡና ተገዛ። ሐረጎን እየተጠማዘዙ ሲወርዱ ቁልቁለቱን ሙሉ ተለቀሰ። መሀል ላይ ደውለውልኝ ነበር። ሠላሳ አንድ ጊዜ።

ጋሼ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠዋል። በኮምቦልቻ ሙቀት አዲሱን ጋቢ ለብሰው፤ ሽልማት ነዋ፣ ማን ያወልቀዋል። ሚኒባሱ ቆመ፣ ጩኸቱ ፈነዳ። ጋሼ ሰው እያለቀሰ ከመጣ ማን ሞተ ብለው የሚጠይቁ ሰው አይደሉም። ተነሥተው «ወይኔ! ወይኔ!» እያሉ ሄዱ፣ አክስቴን አንገቷን አቀፏት። እሷም ዓይኗ በእንባ ተጋርዷል። አንገት ለአንገት ተያይዘው ደህና አድርገው አለቀሱ። እኛም ከአዳራሹ የመጣነው፣ ነገሩ ሳይገባን፣ እንባችን ገና አልደረቀም ነበርና ተቀላቀልን።

ከብዙ በኋላ ጋሼ አፍንጫቸውን ጠረግ አደረጉና በቀስታ ጠየቁ።

«ማን ነው የሞተብን?»

አክስቴ ቀና ብላ አየቻቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተ ነሃ!» አለችና ተቀመጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልዘረዝረው ደስ ይለኛል። ስልኬ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣው የአክስቴ ልጅ «ተከበሩም ይሆናል፣ ተቀበሩም ይሆናል፣ ጽሑፉ ለሁለቱም ያስኬዳል» ብሎ ፈረደ። የሚኒባሱ ሹፌር ሳይቀር አነበበውና «እኔም ብሆን እመጣ ነበር» አለ። ለለቅሶ የመጣው ቡና ተፈላ፣ አቦል ተጠጣ፣ ቶና ላይ ሳቅ ተጀመረ፣ በረካ ላይ ሲደረስ «ዕድሜህ ይርዘም» እየተባለ ጋሼ ሲመረቁ አመሹ። አክስቴ ብቻ የሚኒባሱን ገንዘብ ማን እንደሚከፍል እያየችኝ ነበር።

ጋሼ ግን ሌላ ሐሳብ ይዟቸዋል። የመጣውን ሰው በዓይናቸው አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ጠሩኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያ መልእክት ለስንት ሰው ነው የሄደው?»

«ለ14፣ ጋሼ።»

«ቀዩ ደርሶታል?»

«ደርሶታል።»

«ተቀብሬ እንኳ አልመጣማ!» አሉ። ጋቢያቸውን አጣፉ። «በል አውጣት ስልክህን። ስሙን ጻፍልኝ።»

አውጥቼ ጻፍኩ። በኪው።