ሳያዩ ለሚያምኑ

«ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን ናቸው» የተባለው ለቢሯችን የዳታ ሰዎች መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የሚሠሩት አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ነው። ቋንቋውን ኒውዚላንድ ላይ የፈጠሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን የዋሆች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሰው ዳታውን ማየት ይፈልጋል ብለው አሰቡ። ስትር ብትሉት የየዓምዱን ዓይነት ይነግራችኋል። ሄድ ብትሉት የመጀመሪያዎቹን 6 ረድፎች ያሳያል። ሰመሪ ደግሞ ትንሹን፣ ትልቁንና አማካዩን ይዘረግፋል። የኛ ሰዎች ግን ጨዋ ናቸው። የሰው ዳታ ገልጦ ማየት ነውር ነው።

አንዱ ወንድማችን በቅርቡ የመጠይቅ ፋይል ደረሰው። «ዳታ» ብሎ ስም አወጣለት። ቀጥሎ «ዳታ2» ተወለደ። ከዚያ «ዳታ_ፋይናል»፣ «ዳታ_ፋይናል_የምር»፣ «ዳታ_ፋይናል_ይሄኛው»። አርኤም ብሎ መሰረዝ ይቻላል፤ ግን ልጅ ይጣላል እንዴ? ማታ ሲዘጋ አር «ያለውን ሁሉ ላስቀምጥ?» ይለዋል። «አዎ!» በማግስቱ የአምናው «ዳታ2» ሳይቀር አብሮ ይነሳል። ኮዱ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ንቅንቅ አይልም። እሱ ጋ ግን ሁሌም ይሠራል፤ ይሄ በረከት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ዕድሜውን ላላወቀ ሰው 999 ተሞልቶ ነበር። ሪፖርቱ «አማካይ ዕድሜ 127» ብሎ ወጣ። ከተጠያቂዎቹ ውስጥ የ999 ዓመት አዛውንቶች አሉ ማለት ነው። ማቱሳላ እንኳ 969 ላይ ነው ያቆመው። አንዲት ሰመሪ ትበቃ ነበር የሚል ምቀኛ መቼም አይጠፋም።

የልደት ቀኑማ ይለያል። ጥቅምት 30 በኛ 30/2 ነው። አር ፈረንጅ ስለሆነ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን አያውቅም፤ ዝም ብሎ ኤንኤ፣ ማለትም «መረጃ የለም» ያደርገዋል። ጳጉሜን የተወለዱትንም 13ኛ ወር የለም ብሎ እዚያው ይደባልቃቸዋል። ወንድማችን አልተጨነቀም። ኤንኤ ኦሚት የሚባል መጥረጊያ አለ። ቀኑን ብቻ ሳይሆን ረድፉን ከነባለቤቱ ጠርጎ ያወጣል።

«ስንት ሰው ቀረ?» አልኩት።

«ኤረር አላመጣም» አለኝ።