ሲግል የሚያኮርፍ መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ብቻዋን አትበላሽም። ጠዋት በአንድ ቁልፍ የተነሳች ቪትስ፣ ባለቤቷ ማኪያቶ ጠጥቶ ሲመለስ እምቢ ካለች፣ ኮፈኑ ገና ሳይከፈት ኮሚቴ ይቋቋማል። ሊቀመንበሩ አብዛኛውን ጊዜ መኪና የሌለው ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ባትሪው ሞቷል!» ይላል አንዱ። «ካንዴላ ነው እንጂ!» ይላል ሌላው። ሦስተኛው ቤንዚኑ ከየት እንደተቀዳ ይመረምራል። አራተኛው ወሬ አይወድም፤ ከኋላ ሆኖ መግፋት ጀምሯል። ቪትሷ ግን አውቶማቲክ ናት። ሞተሩ ሳይዞር የማርሹ ዘይት ግፊት ስለማያገኝ ጎማውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ነገር የለም፤ እስከ ቃሊቲ ብትገፋ አትነሳም። ይህን የተናገረ ሰው ከመግፋት የሸሸ ሰነፍ ተብሎ ይመዘገባል።

ቆማ ስትነሳ የምታኮርፈው ለምንድነው? ሞተሩ ሲጠፋ የራዲያተሩ ውሃ መዘዋወሩን፣ ነፋሱም መግባቱን ያቆማል። ብረቱ የያዘው ሙቀት ግን ወደ ሞተሪኖው (ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ ወደሚያስነሳው ትንሽ ሞተር)፣ ወደ ሴንሰሮቹና ወደ ቤንዚን መስመሩ ይሰራጫል። ስለዚህ ኮፈኑ ስር በጣም የሚግለው መኪናዋ ከቆመች ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። ልክ የማኪያቶ ሰዓት!

ኮሚቴው የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ሞተሩን ያዞረዋል?

«ቀጭ» ብሎ ዝም ካለ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። የመዳብ ሽቦ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ 20 በመቶ ያህል ያድጋል፤ ያረጀ ሞተሪኖና የዛገ ገመድ ደግሞ ሰበብ ነው የሚፈልጉት። ባትሪው ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ቁልፉ ተይዞ ሳለ ከ9.6 ያላነሰ ካሳየ በከንቱ ታምቷል። ከዚያ ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ገመድ ጫፍ ዘርግቶ ቁልፉን ማዞር ነው፤ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ሌባው ገመዱ ወይም ማሰሪያው ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሞተሪኖው ይውረድ። «በመፍቻ መታ መታ አድርገው» የሚለው ልጅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንዳንዴ ልክ ነው፤ ካርቦኑ ያለቀ ሞተሪኖ ሲመታ ለአንድ ቀን ይሠራል።

ሞተሩ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ዋናው ተጠርጣሪ የክራንክ ሴንሰር፣ ማለትም የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ነው። ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲግል ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። ሞተሩ እየዞረ የአርፒኤሙ (የሞተር ፍጥነት መለኪያው) መርፌ ከዜሮ ካልተነቃነቀ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ኮምፒውተሩ ፒ0335 (የዚሁ ሴንሰር የብልሽት ኮድ) ካለ ደግሞ ይብስ። ሴንሰሩ ላይ ብቻ (የጋለው ብረት ላይ አይደለም!) ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያዙበት። ወዲያው ከተነሳች ምርመራው አለቀ።

ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ሦስት አራት ጊዜ ከፍቶ ሁለት ሁለት ሰከንድ መቆየት፣ ከዚያ ማስነሳት፤ በዚህ ከሠራች የቤንዚን ግፊት እያመለጠ ነው። ካንዴላው ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ግን ሞተሩ ጠጥቷል፤ ማለትም ቤንዚን በዝቶበታል። «ነዳጅ ይስጧት፣ ጋሼ!» እያሉ ፔዳሉን ማስረገጥ ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ዕቃ) ባለው ኮሮላ ላይ ተጨማሪ ማጠጣት ነው። ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሳይለቁ፣ ከ10 ሰከንድ ሳያልፉ ማዞር ይሻላል። ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ውሃ እንኳ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ቤንዚኑም ካርቡራተሩ ጋ ሳይደርስ ተን ቢሆን አይፈረድበትም።

የኮሚቴው ክርክር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በዚህ መሀል ሞተሩ ይቀዘቅዛል፤ መኪናዋም ትነሳለች። ሽልማቱ መጨረሻ ላይ ለነካት ነው፤ ካንዴላውን በሸሚዙ የጠረገው ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ መካኒክ ይሆናል። እውነተኛው መካኒክም ቀዝቅዛ ሲያገኛት «ምንም የላትም» ብሎ ይከፈለዋል። ስለዚህ ጋራዡ ድረስ አግሎ መውሰድ፣ ግቢው ውስጥ ማጥፋት፣ ኮፈኑን ሳይከፍቱ 15 ደቂቃ መጠበቅ ነው። በዚህ መሀል መካኒኩ «ባትሪ ገዝተው ይምጡ» ካለዎት፣ እሱም የኮሚቴው አባል ነው።