ከበላይ በላይ ለተሰቀልከው

ይድረስ ለተከበርከው የፓርቲ ባነር፤
ደብረ ማርቆስ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። «ከናፍቆትህ በቀር» የሚለውን ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ምንህ ይናፍቃል? በየበዓሉ አለህ።

ሚያዝያ 27 ሲቃረብ ሁለት የመብራት ምሰሶ መሀል ትወጠራለህ። ስፋትህ ስድስት ሜትር ቢሆን አምስቱን ዓርማው ይዞታል። አርበኞቹ ቀኝ ጥግ ላይ፣ ቴምብር በምታህል ቦታ፣ ጎፈሬያቸውን አበጥረው ተጨናንቀዋል። ከሥር መፈክር አለ፦ «የአባቶቻችንን ገድል እየዘከርን የዘንድሮውን ዕቅድ እናሳካለን!» አባቶቻችን ዕቅዱን አይተውት ይሆን?

አንድ ቂም አለኝ። የሆነ ዓመት ላይ መድረኩ ጀርባ የአባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ትልቅ ሥዕል ቆሞ ነበር። አንተን አምጥተው ፊቱ ላይ ወጠሩህ። ከተቀመጥንበት ሆነን ከጠመንጃው አፈሙዝ በቀር የሚታይ ነገር ጠፋ። አንድ ሽማግሌ ገመድ የሚያስረውን ልጅ ጮኹበት።

«ኧረ አንተ ልጅ፣ በላይን ጋረድከው!»

«እኔ ምን ላድርግ አባባ፣ እዚህ ስቀል ያለኝ የበላይ አካል ነው።»

እኛ ጎጃሞች «በላይ» ስንል አንድ ሰው ነው። አምስት ዓመት ዱር ውሎ ዱር አድሮ ጣልያንን መፈናፈኛ ያሳጣው፣ በ1937 ደግሞ ከስደት በተመለሰው በገዛ መንግሥቱ የተሰቀለው። እሱ አንዴ ተሰቀለ። አንተ በየዓመቱ ትሰቀላለህ። ልዩነቱ፣ አንተን ሲያወርዱህ የሚያለቅስ የለም።

ስምህንም አጥርቼ አላውቀው። አባቴ ሲያይህ ኢሠፓ ነበርክ። ያኔማ ቀኑ ራሱ መጋቢት 28 ተደርጎ ነበር። እኔ ነፍስ ሳውቅ ብአዴን ሆነህ ጠበቅከኝ። በ2011 አዴፓ ተባልክ። ቀለሙ ሳይደርቅ፣ በ2012፣ ብልጽግና። አርበኞቹ ያው ናቸው፤ ቴምብራቸው ውስጥ።

ምርጫ ሲደርስማ የተቃዋሚው ቲሸርትም ይመጣል። እሱም ያው የአክስትህ ልጅ ነው።

ንግግሩ ደግሞ አለ። የክብር እንግዳው «ጀግኖች አርበኞቻችን» ብሎ ይጀምራል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል። ከገባ አይወጣም። የማዳበሪያ ብድር፣ ኩታ ገጠም፣ ግብርን በወቅቱ ስለመክፈል። ይህን የሚለው ለማን መሰለህ? በ1960 «አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም» ብለው ላመፁ ሰዎች የልጅ ልጆች! ጦር ተላከባቸው፣ አውሮፕላን ደበደባቸው፣ አልበገር አሉ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጠቅላይ ገዢውን አነሱ፤ ውዝፉንም ማሩ። መብቱን ለማስከበር የተነሳ ገበሬ ይሉሃል ይሄ ነው። የእነሱን በዓል የሚያስታውስ ባነር ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ይሰቀል ብዬም አልመኝም። «የግብር አመፅ መታሰቢያ፤ አዘጋጅ፦ ግብር ሰብሳቢው ክፍል» የሚለው ከወዲሁ ይታየኛል።

እና ያ ሥዕሉ የተጋረደ ዕለት፣ ከንግግሩ በኋላ፣ አንድ አርበኛ ተጋበዙ። ያኔ ገና በሕይወት ያሉ ነበሩ። ሜዳሊያቸውን ደርድረው፣ ጎፈሩን ደፍተው፣ ዱላቸውን እንደ ጠመንጃ ይዘው ፉከራ ጀመሩ። ሁለት ስንኝ እንዳሉ መድረክ መሪው ማይኩን ሳብ አደረገ።

«አባታችን፣ ይቅርታ፣ ሰዓት የለንም።»

«ልጄ፣» አሉ፣ «አምስት ዓመት ዱር ስንከርም ሰዓት ያሰረ ማን ነበር?»

ሕዝቡ በሳቅና በእልልታ አዳራሹን አናጋው። ቪዲዮ ቀራጩ ግን ይህን አልቀዳም። አንተን እየቀረጸ ነበር።

ፓርቲ ከበዓል ይቅር አላልኩም። የአርበኛ ልጅ ፓርቲ ውስጥም አለ፤ ይምጣ፣ እንደ ሰው ጋቢውን ለብሶ ከሰው ጋር ይቀመጥ። ፀሐዩን እኩል እንሙቀው። የማልወደው ድንኳኑን ለራሱ፣ ፀሐዩን ለአርበኛ ሚስት ሲያደርገው ነው።

እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን ታርቀን ነበር። ኅዳር ላይ ያልታሰበ ዝናብ መጣ። ጎረቤታችን ከየት እንዳገኘህ እንጃ፣ የጤፍ ክምሩ ላይ አልብሶህ አየሁ። ጽሑፍህን ወደ ታች አድርጎ፣ አራት ማዕዘንህ ላይ ድንጋይ ጭኖ። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ክምሩ ደረቅ ነበር። አንድም መፈክር ሳታሰማ ሠርተህ አደርክ።

ስለዚህ ለዘንድሮው በዓል አደራህን፣ ተጠቅልለህ ና። የግድ ልዘርጋ ካልክም ክምሩን ታውቀዋለህ።

ከሰላምታ ጋር
ሦስተኛው ረድፍ፣ እግሩ የተሰበረው የፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት

ግልባጭ፦
ለበላይ (ለአካሉ ሳይሆን ለሰውየው)