አጋዘኗን በዓይኗ አትያት

ሐረር ውስጥ በልጅነቴ ከተማርኋቸው ሥርዓቶች የመጀመሪያው ዓይንን መስበር ነው። ታላቅ ሰው ሲቆጣህ ፊቱን ትኩር ብለህ ካየኸው «ዓይነ ደረቅ» ትባላለህ፤ ከዚያ በኋላ ቁጣው ከጥፋትህ ተነሥቶ ወደ ዓይንህ ይዞራል። አሜሪካ ከገባሁ በኋላ ደግሞ በመጀመሪያ የተማርሁት የዚህን ተቃራኒ ነበር። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ያዘጋጁን የነበሩት ሴትዮ፣ የጠያቂውን ዓይን የሚሸሽ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለው እንደሚመስል ደጋግመው ነገሩን፤ እኔም ማታ ማታ መስታወት ፊት እየቆምሁ የራሴን ዓይን ሳልሸሽ ማየት ስለማመድ ሰነበትሁ። ሰውን በዓይኑ ማየት ለምጄ፣ እንዲያውም ሐረር ስመለስ አክስቶቼን እስከማስቀየም ከደረስሁ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት አንድ አሜሪካዊ የሥራ ባልደረባዬ ጫካ ይዞኝ ሄደና «አጋዘኗን በዓይኗ አትያት» ብሎ በሹክሹክታ አዘዘኝ።

የምኖረው በሚኒሶታ ግዛት ነው። በዚያ በጠመንጃ አጋዘን የማደኛው ወቅት የሚከፈተው እ.ኤ.አ. ለኖቬምበር 6 በሚቀርበው ቅዳሜ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት ማብቂያ ላይ ይውላል። የአረፋን ዋዜማ ሐረር ውስጥ ያየ ሰው የዚያን ዓርብ ማታ ግርግር ሊገምተው ይችላል። መኪና ሁሉ ወደ ሰሜን ይተምማል፤ የቧንቧ ሠራተኛው፣ አስተማሪዋ፣ የባንኩ ጸሐፊ ሁሉም አዳኝ ይሆናሉ። እኛ አገር ሕጋዊ አዳኝ ሲባል በአብዛኛው በዶላር ከፍሎ ለቀንዱ የሚመጣ የውጭ ሰው ስለሆነ፣ አደን የተራ ሰው የሥጋ ማግኛ መሆኑ መጀመሪያ ላይ ገርሞኝ ነበር። ነገር ግን ተራ ሰው ነው ማለት ልቅ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1979 ወዲህ የተወለደ ሰው የጠመንጃ ደኅንነት ትምህርት ካልተማረ ፈቃድ አይሰጠውም፤ ፀሐይ ሊወጣ ግማሽ ሰዓት እስኪቀረው ድረስም መተኮስ ክልክል ነው። አዳኝ ሁሉ ከወገቡ በላይ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስ መልበስ አለበት። እኔ ጠመንጃ ባልይዝም ባልደረባዬ ያንኑ ብርቱካናማ ሰደርያ አለበሰኝ፤ የመንገድ ሠራተኛ መሰልሁ።

ከአውሬ መደበቅ የሚፈልግ ሰው እንደ ፋና ማብራቱ ቂልነት መስሎኝ ጠየቅሁት። መልሱ ከዚያን ቀን ትምህርቶች ሁሉ በጣም የወደድሁት ነው። የአጋዘን ዓይን ቀለም የሚለየው እንደ እኛ በሦስት ሳይሆን በሁለት ዓይነት ተቀባይ ሕዋስ ስለሆነ፣ ብርቱካናማውና ቀዩ ከቅጠሉ አረንጓዴ ጋር ይቀላቀልባታል። ሰማያዊውን ግን አጥርታ ታየዋለች፤ ለእኛ የማይታየውን ከወይን ጠጅ ቀለም ማዶ ያለውን የብርሃን ጨረርም በከፊል ታያለች። ስለዚህ የሚያስፈራው ያ የሚጮኸው ሰደርያ ሳይሆን ከሥሩ የለበስሁት ጂንስ ሱሪ ነበር። ጠንቃቃ አዳኞች ልብስን አብረቅራቂ በሚያደርግ ሳሙና የአደን ልብሳቸውን አያጥቡም። ሰደርያው የተሠራው አዳኝ አዳኝን እንዳይመታ ነው፤ ለሰው ዓይን የሚጮህ፣ ለአጋዘን ዓይን የሚያንቀላፋ ቀለም ነው።

የተቀመጥነው ዛፍ ላይ በተሰቀለ ማማ ነው። ማማ የምለው ሌላ ቃል አጥቼ ሳይሆን ያው ማማ ስለሆነ ነው፤ በሐረርጌ ማሽላ ሲያሸት ወፍና ዝንጀሮ የሚጠብቁበት ዓይነት፣ ልዩነቱ በብረት መሠራቱ ብቻ ነው። ብርዱ አጥንት ውስጥ ገብቶ፣ ጆሮዬ የራሴን ትንፋሽ ብቻ እየሰማ ሁለት ሰዓት ያህል ከተቀመጥን በኋላ፣ አንዲት ሴት አጋዘን ከጥዶቹ መካከል ወጣች። እንዴት እንደ መጣች አላየሁም፤ ባዶ የነበረው ቦታ ላይ ቆማ አገኘኋት። ባልደረባዬ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ያን ትእዛዝ የሰጠኝ ያኔ ነው፤ እኔ ግን ቀድሜ አይቻት ነበር። እሷም ቀና አለች። የፊት እግሯን አንሥታ መሬቱን መታች። ከዚያ ሣር ልትግጥ እንደሆነ አንገቷን ደፋችና፣ አፏ መሬት ሳይነካ ብድግ አደረገችው። ኋላ እንደተነገረኝ ይህ ማታለያ ነው፤ አንገቷን የደፋች መስሎት የሚነቃነቅ ነገር ካለ ለመያዝ የምታደርገው ነው። እኔም እንደ ማንኛውም ተላላ፣ አንገቷን ስትደፋ በደንብ ላያት ፊቴን አዞርሁ። በአፍንጫዋ አንድ ጊዜ እፍ ብላ፣ ነጭ ጅራቷን እንደ ባንዲራ ሰቅላ ጠፋች። ባልደረባዬ አልተቆጣኝም፤ ግን እስከ ምሳ ሰዓት አላናገረኝም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳሰላስል፣ «በዓይኗ አትያት» የሚለው ምክር በቃሉ ሲወሰድ ትክክል አይመስለኝም። ዓይን ለዓይን መጋጨት የሚባለው ዓይኑ ከፊት ለፊቱ ላለ ፍጥረት ነው። የአጋዘን ዓይኖች በጭንቅላቷ ግራና ቀኝ ስለሆኑ፣ ከዙሪያዋ 360 ዲግሪ ውስጥ 300 ያህሉን አንገቷን ሳታዞር ታያለች፤ ብሌኗም ጠለል ብሎ የተጋደመ ስለሆነ ወዴት እንደምታይ ከሩቅ ሆኖ መለየት አይቻልም። እኔ «ተያየን» ያልሁት እሷ ምናልባት ከዛፉ ሥር ጀምሮ ስታየኝ ከቆየች በኋላ ነው። ያባረራትም ዓይኔ ብቻ አይመስለኝም። ሰው ሊያይ ሲፈልግ አገጩ ይነሣል፣ ትከሻው ይዞራል፣ ነጭ የፊት ቆዳ ያለው ከሆነም ፊቱ በጨለማው መካከል እንደ ሳህን ያበራል። እንቅስቃሴን በመለየት ደግሞ የአጋዘንን ዓይን የሚያህል ጥቂት ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አዳኞች ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ ከባርኔጣቸው ክንፍ ሥር፣ በዓይናቸው ጠርዝ ያያሉ፤ የሚነቃነቁትም ጭንቅላቷ ከግንድ ኋላ ሲሆን ነው። ምክሩ ዓይን ይበል እንጂ ቁም ነገሩ ሰውነትን ሁሉ መስበር ነው።

ሆኖም ዓይን ራሱ ምንም አይናገርም ለማለት አልደፍርም። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር የታተመ አንድ ጥናት፣ ምግብ የሚነጥቁ የባሕር ወፎች ሰው ትኩር ብሎ ሲያያቸው ወደ ምግቡ ለመቅረብ በአማካይ 21 ሰከንድ ያህል እንደዘገዩ አሳይቷል። ከዚያም የበለጠ የገረመኝ የቦትስዋና ከብቶች ነገር ነው። በኦካቫንጎ አካባቢ አንበሳ ላስቸገራቸው አርቢዎች ተመራማሪዎች በከብቶቹ ቂጥ ላይ ትልልቅ ዓይኖች ሳሉላቸው፤ በአራት ዓመት ውስጥ ዓይን ከተሳለባቸው 683 ከብቶች አንዱንም አንበሳ አልበላውም፣ ምንም ካልተሳለባቸው 835 ውስጥ ግን 15ቱ ተበሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ይህ ጥናት የሚለው፣ አድብቶ የሚይዝ አውሬ ታየሁ ብሎ ካሰበ ተስፋ ይቆርጣል ነው። እንግዲህ እኔ ማማው ላይ ስቀመጥ አንበሳው እኔ ነበርሁ፤ አጋዘኗ ቀና ብላ ስታየኝ እግሯን የመታችው «አይቼሃለሁ» ለማለት ከሆነ፣ ዓይኑን መስበር የነበረበት እሷ ሳትሆን እኔ ነበርሁ።

ይህን ሁሉ ዘንድሮ ሐረር ስሄድ አራተኛ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው በአጎቴ ቤት፣ ቡና እየተፈላ አወራሁ። የአክስቴ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ዓይን አልነበረም፤ «ለመሆኑ ተባርኮ ነው የሚታረደው?» አለችኝ። በጥይት ይሞታል ስላት ፊቷን አጨማደደችና ፍንጃሉን ከፊቴ አነሣችው፤ የበላሁት እንዳይመስላት ብዙ አስረዳሁ። አጎቴ ግን መጀመሪያ ያነሣው የስሙን ነገር ነው። አጋዘን የምትለው የትኛውን ነው አለኝ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኛ አጋዘን የምንለው ቀንዱ የተጠማዘዘው፣ በአሥር ሳንቲማችን ላይ ያለው፣ ከጭሮ ወዲያ በቁኒ ሙክታር ተራራ ጥቂቱ የቀረው እንስሳ የበሬና የፍየል ዘመድ ነው፤ ቀንዱንም እስኪሞት ይዞት ይኖራል። የአሜሪካኑ ግን ቀንዱን በብርዱ ወራት ጥሎ በየዓመቱ አዲስ የሚያበቅል ሌላ ዘር ነው፤ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የለም። አጎቴ «በየዓመቱ የሚጥለውን ቀንድ ምን አሸከመው?» አለና ወደ ዋናው ነገር ተመለሰ።

ዋናው ነገር ለእርሱ ማማው ነበር። በልጅነቱ በኤረር በኩል ማሽላ ሲጠብቅ ያደገ ሰው ስለሆነ፣ ማማ ላይ ወጥቶ መደበቅ የሚባል ነገር ሊገባው አልቻለም። የእርሱ ማማ የተሠራው ለመታየት ነው። ጠባቂው ይጮኻል፣ ወንጭፉን ያጮኻል፣ ዝንጀሮ ሲመጣ ደግሞ የመንጋውን አውራ መርጦ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ዝንጀሮ አተኩሮ መታየትን እንደ ጠብ መጫሪያ ይቆጥረዋል፤ ቀድሞ ዓይኑን የሰበረ ይሸነፋል። አጎቴ እንደሚለው ዝንጀሮ ልጅን የሚንቀው ልጅ ዓይኑን ቶሎ ስለሚሰብር ነው፤ እርሱ ራሱ በዘጠኝ ዓመቱ ዓይኑን ለዝንጀሮ እንዳይሰብር፣ ማታ ለአባቱ ግን እንዲሰብር ይጠየቅ ነበር። እኔ በሠላሳ ዓመቴ በመስታወት ፊት ስለማመድ የነበረውን እርሱ በማሽላ ማሳ ጨርሶታል ማለት ነው። ትዝብቴም እዚህ ላይ ነው፦ እኛ ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች «ሐበሻ ዓይን አፋር ነው፣ ፈረንጅ ዓይን ለዓይን ይተያያል» እያልን ሁለቱን አገሮች በአንድ መስመር ከፍለን እንናገራለን። እዚያም ቢሆን ለአጋዘን፣ ለማያውቁት ውሻ፣ በአሳንሰር ውስጥ ለቆመ እንግዳ ዓይን ይሰበራል፤ እዚህም ዝንጀሮ ዓይን ለዓይን ይታያል። የሚለያየው ማን ለማን እንደሚሰብር ነው።

ጅብ ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም። የሐረሩ ገዢ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሮጌውን ከተማ ያሳጠሩበት የጀጎል ግንብ ሰውን ከውጭው ቢለየውም ጅብን አልለየውም፤ ለጅብ መግቢያ የሚሆን ቀዳዳ በግንቡ ላይ ይገኛል። ሐረሪዎች ጅብን ወራባ ይሉታል፤ በዓሹራ ዕለት ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ያቀርቡለትና ከሩቅ ሆነው አበላሉን በማየት ስለ ዓመቱ ይተነብያሉ። በፈላና በር ውጭ በየማታው የሚታየው ሥጋ የማብላት ትርኢት ግን ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የመጣ ነው። እዚያ ሄጄ ልብ ብዬ ያየሁት አብላዩን ነው። እንግዶቹ ስልካቸውን ደግነው ጅቡን ፊት ለፊት ሲያዩት፣ ሰውየው ሥጋውን በእንጨት ጫፍ ሰክቶ ይዘረጋና እርሱ ራሱ ወደ ቅርጫቱ ያያል፤ ጅቡም ሥጋውን እንጂ ሰውየውን አያይም። ሁለቱም ሥራ ላይ ናቸው።

ከዚያ ስንመለስ መሽቶ ነበር። አጎቴ በግንቡ ጥግ ጥግ፣ ወደ ቡዳ በር በሚወስደው በኩል እንሂድ አለኝ፤ ሐረሪዎቹ በድሪ በሪ በሚሉት። መብራት የሌለበት ቦታ ላይ ስንደርስ ሁለት አረንጓዴ መብራቶች ከፊታችን በሩ። የአጋዘንም የጅብም ዓይን ከጀርባው ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ንጣፍ ስላለው በስልክ መብራት እንደ ፋኖስ ይበራል፤ ያን አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ጉልበቴን አላጸናውም። አጎቴ እርምጃውን አላዘገየም። ምርኩዙን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው አዛወረና፣ ዛሬ ቆርቆሮ ስንት እንደገባ እያወራኝ፣ ፊቱን ወደ ተዘጋው ሱቅ አዞረ። ጅቡም ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። እኔ ግን ቆሜ አየሁት፤ ከማማው ወዲህ የገባኝ ነገር መኖሩን ላረጋግጥ ፈልጌ ይሁን ወይም ከፍርሃት፣ አላውቅም። ጅቡ እርምጃውን ገታና አንገቱን ቀና አድርጎ እርሱም አየኝ።

«ምን ታየዋለህ? አንተ መንገደኛ፣ እሱ መንገደኛ» አለ አጎቴ፣ ዞር ሳይል።

ዓይኔን መሬት ላይ ጣልሁ። የጅቡ ጥፍር ድንጋዩን ሲቧጥጥ ሰማሁ፤ ከዚያ በጎኔ አለፈ።