ብላክ ፍራይዴን ከሶፋዬ ላይ

እህቴ የእግሯን ልክ በቁጥር ነግራኝ አታውቅም። ነጭ ወረቀት መሬት ላይ ታነጥፍና ትቆምበታለች። ልጇ በእስክሪብቶ ዙሪያውን ያሰምርላታል። ከዚያ ፎቶው በቴሌግራም ይመጣል። ወረቀቱ ላይ ማስመሪያ ካልተጋደመበት ፎቶው ለምንም እንደማይሆን ለማስረዳት ብቻ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ዘንድሮ አራት እግር ደርሶኛል። የእሷ፣ የልጇ፣ የአክስቴ፣ ደግሞም የማን እንደሆነ ያልተጻፈበት አንድ ትልቅ እግር።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ብላክ ፍራይዴ የአሜሪካ ሱቆች ትልቅ ቅናሽ የሚያደርጉበት ዓርብ ነው። ለገና አገር ቤት ለሚገባ ሰው ግን የሻንጣ ቀን ማለት ነው። የሚውለው በታንክስጊቪንግ፣ በአሜሪካኖች የምስጋና በዓል፣ ማግስት ነው። ከዚያ እስከ ገና ስድስት ሳምንት ያህል አለ፤ ዕቃ ለመሰብሰብ ይበቃል። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ይህን ሁሉ የምሰበስበው ከሶፋዬ ሳልነሳ፣ ኦንላይን ነው። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። "ዕቃ ሳይነኩ ይገዛል እንዴ?" ይሉኛል። "ደግሞ ሱቅ በር ላይ ሰልፉ ራሱ ጨዋታ ነበር እኮ" የሚሉም አሉ።

ጨዋታ? እኔም ተሰልፌ አውቃለሁ። አሜሪካ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በር ላይ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በራሪ ወረቀቱ ላይ የነበረው ቴሌቪዥን በግማሽ ዋጋ ነው ተብሏል። በሩ ሲከፈት ተገፍቼ ገባሁ። እኔ ስደርስ ቴሌቪዥኑ አልቋል። ለካ መጀመሪያውንም የመጣው ጥቂት ፍሬ ነበር። እና ምን ይዤ ወጣሁ? ጁስ መፍጫ። ጁስ አልወድም። ግን አራት ሰዓት ቆሜ ባዶ እጄን እንዴት ልመለስ?

የኔስ በሳቅ አለፈ። በ2008 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ኒውዮርክ፣ ሎንግ አይላንድ ላይ ሕዝቡ ዋልማርት የሚባለውን ግዙፍ ሱቅ በር ሰብሮ ሲገባ፣ በር ላይ የነበረ የ34 ዓመት ሠራተኛ ተረጋግጦ ሞቷል። ስሙንም ብታዩት የመጣው ከደስታ አይደለም። "ጥቁር ዓርብ" ብለው የጠሩት የፊላደልፊያ ፖሊሶች ናቸው። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ከተማዋ በዚያ ቀን በሰውና በመኪና ትታፈን ስለነበር ለእነሱ የመከራ ቀን ነበር። "ነጋዴ ከኪሳራ ወደ ትርፍ የሚሻገርበት ቀን" የሚለው ትርጉም በኋላ የተለጠፈ ነው።

ደግሞ አሁን ሰልፉ ምን ሊያስገኝ? ከኮቪድ ወዲህ እነ ዋልማርትና ታርጌት በታንክስጊቪንግ ቀን መክፈት ትተዋል። ቅናሹ ኖቬምበር ሲገባ ጀምሮ ኦንላይን ይለቀቃል። ከብላክ ፍራይዴ ቀጥሎ ላለው ሰኞ የኦንላይን ቅናሽ ሳይበር መንደይ የሚባለው ስም በ2005 ሲወጣ፣ ሰዉ ሰኞ ሥራ ገብቶ በቢሮው ፈጣን ኢንተርኔት ይገዛ ስለነበር ነው። ዛሬ ፈጣን ኢንተርኔት ኪሳችን ውስጥ ነው። አዶቤ የተባለው ኩባንያ እንደቆጠረው፣ በ2024 በዚያች አንድ ሰኞ ብቻ አሜሪካ ውስጥ 13.3 ቢሊዮን ዶላር ኦንላይን ወጥቷል።

"ሳይነኩ" ለሚለው፣ እውነት አላቸው። ሹራብ በጣት ካልተዳሰሰ አይታወቅም። ጫማ ላይ ግን አልስማማም። ድሮ የእግሩ ወረቀት ራሱ በሰው እጅ ይመጣልኝ ነበር። በመቀስ ቆርጬ ሱቅ እወስደውና ጫማው ውስጥ እከተዋለሁ። ሻጯ የወረቀት እግር ጫማ ሲሞክር አይታ አታውቅም መሰለኝ፣ ጓደኛዋን ጠርታ ነበር ያሳየቻት። አሁን ማስመሪያው ላይ 24 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይላል፤ የጫማው ገጽ ላይ ያለው ሰንጠረዥም በሴንቲ ሜትር ነው። አለቀ። ከተጠራጠርኩ ሁለት ቁጥር አዝዤ ውስጡን ለክቼ አንዱን ሪተርን አደርጋለሁ። የመመለሻ ሂሳብ የሚቆርጡ ስላሉ ግን እሱን አስቀድሞ ማንበብ ነው።

ክብደቱም አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድልን ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። እዚህ አጠገባችን ባለው ደለስ ኤርፖርት ወለል ላይ ሻንጣውን ከፍቶ፣ የእናቱን ጋቢ ከጃኬቱ ላይ ደርቦ፣ ጫማ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሻግር ያልታየ ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ። ኦንላይን ላይ ብዙ ዕቃ ክብደቱ ተጽፎበታል። ስመርጥ እየደመርኩ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ፣ ባለፈው ዓመት እዚያው ሶፋዬ ላይ ተሸውጃለሁ። እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ጃኬት አየሁ። ከላዩ ቀይ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል። "ሁለት ብቻ ቀርቷል" ይላል። "አሁን 37 ሰው እያየው ነው" ይላል። ልቤ መታ። ገዛሁ። ጠዋት ተነስቼ ባየው ሰዓቱ እንደገና ሀ ብሎ ጀምሯል፤ ጃኬቱም አሁንም "ሁለት ብቻ" ነው። ያን ጊዜ ነው ጁስ መፍጫው ትዝ ያለኝ። ያኔ የገፋኝ ሰው ነበር፣ አሁን የገፋኝ ሰዓት ነው። ግፊያው ግን ያው ነው።

የተሰረዘው ዋጋም እንዲሁ። "120 የነበረ 60" ሲባል፣ 120 የተሸጠበት ቀን ኖሮ ያውቃል ወይ? ይህ የኔ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። በ2016 የሎስ አንጀለስ ከተማ ዐቃቤ ሕግ ሜሲስ፣ ኮልስ፣ ሲርስና ጄሲፔኒ የሚባሉትን ትልልቅ ሱቆች የከሰሰው በዚሁ ነው፤ ያልነበረ ዋጋ ሰርዛችሁ ቅናሽ ታስመስላላችሁ ብሎ። ኦንላይን ግን መፈተሻ አለው። ካሜልካሜልካሜል የሚባል ድረ ገጽ የአማዞንን ዕቃ የኋላ ዋጋ በግራፍ ያሳያል። ስሙ ሦስት ጊዜ ግመል ነው፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ሱቅ በር ላይ በብርድ ቆሜ ይህን ማየት አልችልም ነበር።

አከፋፈል ላይ ግን ቀልድ የለም። የማታውቁት ሻጭ "በዜል ላክልኝ" ካለ (ዜል ከባንክ ወደ ባንክ ብር መላኪያ ነው) ተዉት፤ የተላከ ብር ማስመለስ አበሳ ነው። በክሬዲት ካርድ ከሆነ ያላዘዛችሁት ሂሳብ ቢመጣ በሕግ የምትጠየቁት ቢበዛ 50 ዶላር ነው። ሻጭ የመላኪያ ቀን ካልነገራችሁ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ መላክ አለበት፤ ካልቻለ አሳውቆ፣ ካልፈለጋችሁ ብራችሁን መመለስ። ለገና ተጓዥ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያ ጃኬት የደረሰው እኔ ከበረርኩ በሁለተኛው ቀን ነው። ዓመቱን ሙሉ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተሰቅሎ ያየኛል።

አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ዌርሃውስ፣ ኦንላይን የታዘዘ ዕቃ የሚላክበት መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፣ በሌሊት ፈረቃ። እነዚህን ሳምንታት ኦቨርታይሙ ግዴታ ነው። ጠዋት ሲገባ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ቁርስ እንኳ የሚበላው ቆይቶ ነው። ሰልፉ አልጠፋም፣ እሱ ወዳለበት ነው የተዛወረው። እሱን ካየሁ ወዲህ በረራዬ ስድስት ሳምንት እየቀረው "ነገ ይድረስልኝ" የሚለውን አልጫንም። "በሳምንት ይድረስ" የሚል ምርጫ ካለ እሱን ነው። አንዳንዴ አንድ ሁለት ዶላርም ያስመልሳል።

ዘንድሮ ዝርዝሩን በወረቀት ጽፌ ፍሪጅ ላይ ለጥፌአለሁ። ወረቀቱ ላይ የሌለ አይገዛም። ሦስቱ ጫማዎች ታዝዘዋል። ያ ትልቁ እግር 29 ሴንቲ ሜትር ነው። ለእሱም አንድ ጥሩ ጫማ አግኝቼ ካርት ውስጥ አስገብቼዋለሁ፣ አልከፈልኩም። ከላዩ ቀይ ሰዓት ይቆጥራል። እህቴን "የማን እግር ነው?" ብያታለሁ፣ አይታዋለች፣ አልመለሰችም። እስክትመልስ ሰዓቱ ይቁጠር።