ንግሥቷን አንሱና ተጫወቱ

ባለፈው እሁድ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለች ትንሽ ሻይ ቤት ስገባ የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ከኮምፒውተር ጋር ቼዝ ይጫወታል። ሻዩ ቀዝቅዟል። ትንሽ ቆየና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር አይጫወትም፤ ይቀጣል እንጂ!» አለኝ።

እውነቱን ነው። ግንቦት 1989 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር የዓለም የቼዝ ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ 2.5 ሲረታ በሰከንድ 200 ሚሊዮን አቀማመጥ የሚመረምር ግዙፍ ማሽን ነበር። ዛሬ በነፃ የሚገኘው ስቶክፊሽ የተባለ የቼዝ ፕሮግራም ተራ ስልክ ላይ ተጭኖ ከዚያ ይበረታል። ከሥራ መልስ ለመዝናናት የሚጫወት ሰው ታዲያ ምን ይሁን?

ብዙው ሰው የማሽኑን ደረጃ ይቀንሳል። ስቶክፊሽ ከ0 እስከ 20 የሚደርስ የችሎታ ደረጃ አለው። ግን ደረጃው ስለወረደ ማሽኑ እንደ ጀማሪ አያስብም። ጥሩውን እያየ አልፎ አልፎ ሆን ብሎ ደካማውን ይመርጣል። የልጁ ስልክ ላይም ያየሁት ይሄንኑ ነው። አሥራ አምስት እርምጃ እንደ ሊቅ ተጫወተ፤ ከዚያ ድንገት ፈረሱን ወታደር አፍ ውስጥ ከተተው። ልጁ በላው። ፊቱ ግን አልፈካም። ሰው ሲሳሳት ምክንያት አለው፤ ቸኩሏል፣ ጓጉቷል፣ ወይም በሌላ በኩል የመጣበትን አላየም። እንዲህ ያለውን ስህተት ደርሶ መያዝ ደስ ይላል። የተጣለልንን ማንሳት ግን ምኑ ደስ ይላል?

እኔ የምለው አእምሮውን ተዉለት፣ ሠራዊቱን ቀንሱበት ነው። ንግሥቷን አንሱ። ጎበዝ ከሆናችሁ ፈረስ ብቻ ይበቃል። ሊቼስ በተባለው ነፃ የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ለዚሁ ተብላ የሠለጠነች ሊላ የምትባል የኮምፒውተር ተጫዋች አለች። ተራው ማሽን ባላጋራው ሁሉን የሚያይ ስለሚመስለው፣ ንግሥት ከጎደለው ተስፋ እንደቆረጠ ሰው ይጫወታል። ሊላ ግን ሰው እንደሚሳሳት ታውቃለች። መበላላትን ትሸሻለች፣ ሰሌዳውን ታወሳስባለች። በፈጣን ጨዋታ ግራንድማስተር የሚባሉትን የቼዝ ሊቆች ያለ ንግሥት አሸንፋለች። የሰው ዓይነት ስህተት የሚሻ ደግሞ ማያ የምትባለውን ፕሮግራም ይሞክር፤ የተማረችው በሚሊዮን ከሚቆጠሩ የሰው ጨዋታዎች ነው።

ይሄ ሐሳብ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በድሮው ሰንጠረዥ፣ ማለትም በጥንቱ የአገራችን ቼዝ፣ የመጀመሪያው መበላላት እስኪመጣ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ወረራ ይሉት ነበር። ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይደረግም፣ ማለትም መውጫ አሳጥተው አይረቱትም ነበር። በፈረስ ማት ማድረግ ጥበብ የጎደለው፣ በወታደር ማድረግ ግን የሚያስመሰግን ነበር። ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፤ አሸናፊው ራሱን መግታት ነበረበት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

እዚያው ሻይ ቤት ልጁን ከሊላ ጋር አስጀመርኩት። ሁለት ጊዜ ተሸነፈ። አጠገባችን የተቀመጡ አዛውንት «አብሽር ልጄ፣ ንግሥትህን ብቻ ጠብቃት» አሉት። ሦስተኛው ጨዋታ ረዘመ። ልጁ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ አስተናጋጇም ባዶውን ብርጭቆ እንደያዘች ከኋላው ቆማለች። «ግንብህን በግንቧ ቀይርባት» አሉ አዛውንቱ። ቀየረ። አዲስ ያዘዝኩለት ሻይም ቀዘቀዘ።