ጉዳዩ፦ መንገድ እንዲለቁልን ስለመጠየቅ

ለክቡር የጣርማ በር ጉም
ካሉበት

ክቡርነትዎ፣ ለመሆኑ ደኅና ነዎት? እኛማ እርስዎ ካሉ የምናየው ነገር የለም።

እኔ ሳይመሽ ቁልቁለቱን ልጨርስ ብዬ ብቻዬን ብስክሌት ይዤ የመጣሁ ምስኪን ነኝ። ከደብረ ብርሃን በኩል ስመጣ ፀሐይ ነበረች። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ አልፌ በወዲያኛው አፍ ብቅ ስል ግን እርስዎ ቆመዋል። መቼም በዚህ አገር እንደ እርስዎ ሰዓት የሚያከብር ባለሥልጣን አላየሁም። ቢሮዎ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ስብሰባ የሚጠራዎት የለም።

አሠራርዎ ይገባኛል። እርጥብና ሞቃት አየር ከቆላው ገደሉን ይዞ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ እርስዎን ይሆናል። ጥሩ። ግን ርክክቡ የግድ አስፋልቱ ላይ መሆን አለበት? ያ ሁሉ ገደል ጎንዎ ባዶውን ተቀምጦ!

የእኛ ጀምበር ደግሞ እንደ ፈረንጅ አገር በጋ እየተንቀራፈፈች አትጠልቅም። 12 ሰዓት አለፍ ሲል ድርግም ነው። እርስዎ ይባስ ብለው በ10 ሰዓት ያስመሹብኛል።

ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ፍሬን መያዜን የማውቀው በድምፁ ነው። ቸርኬው ስለረጠበ ላስቲኩ ሲጢጥ ይላል እንጂ አይዝም። ከመንገዱ ነጭ መስመር የሚታየኝ የፊት ጎማዬ ሥር ያለችው ቁራጭ ናት፤ የቀረው በእምነት ነው። ከኋላዬ አንድ አይሱዙ ይመጣል። መብራት አላበራም። አምፖሉ እንዳያልቅበት ሳይሆን አይቀርም። ክላክሱ ግን ነፃ ነው፣ አይሰስትም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ታች ሸዋ ሮቢት ሰው በሙቀት ሲቀቀል ለምን አንድ ቀን ብቅ ብለው አያዩም? እዚህ በብርድ ጥርሱ የሚንገጫገጨውን ነው የሚያቀዘቅዙት። በጀቱ ለተጠማው አይደርስም፣ የተለመደ ነው።

ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ደብረ ሲና እስክገባ ገለል ይበሉልኝ። ከዚያ በኋላ ተራራውን ጠቅልለው ይውሰዱት።

ከሰላምታ ጋር፣
የማይታየው ብስክሌተኛ

ግልባጭ፦
ለአይሱዙው ሾፌር (ማንበቢያ መብራት ከሌለው በክላክስ ይነበብለት)
ለደብረ ሲና ቆሎ ሻጮች (እንዳትገቡ፣ እየመጣሁ ነው)